ሹም ሽር በታሽከንት

የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት እምብርት ላይ አንድ ክብ መናፈሻ አለ፤ በመናፈሻው መካከል ደግሞ ሹመት የማይረጋበት አንድ ቦታ። እዚያ ላይ መጀመሪያ ጉብ ያሉት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዛሩ ጄኔራልና በመካከለኛው እስያ የቱርኪስታን ገዥ የነበሩት ካውፍማን ናቸው፤ ሐውልታቸው በ1913 ቆመ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አብዮት መጣና ተሻሩ። ቆይቶ ስታሊን ተሾሙ፤ እሳቸውም ጊዜያቸው ሲደርስ ወረዱ። በ1968 ባለጺሙ ካርል ማርክስ ተተኩ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ማርክስንም የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸውና፣ በ1993 ዓለም ታሜርላን የሚላቸው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ድል አድራጊ አሚር ቲሙር በፈረስ ሆነው ገቡ። በፈረስ መምጣታቸው ብልህነት ነው። አንደኛ፣ እግራቸው ያነክስ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሹማምንት ቀን ሲጥላቸው መሄጃ አልነበራቸውም።

ይህን የሹመት ታሪክ እንድቆጥር ያደረጉኝ አብረውኝ የነበሩት ጋሼ ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ የደረሳቸውም ታሽከንት ነው። በደረት ኪሳቸው በያዙት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች ተንዠርግጎ፣ በማርክስ ጺም ሥር እንደ አዲስ አማች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፎቶግራፉን ከቦታው ጋር ሊያመሳክሩ ቢዞሩ ማርክስ የሉም። ያኔ ያስጠለሏቸው ግዙፍ የቺናር ዛፎችም የሉም፤ በ2009 ተጨፍጭፈዋል። ዛፎቹ ምን እንዳጠፉ እንጃ፤ ሹመት እንኳ አልነበራቸውም።

«የእኔ ልጅ፣ ማርክስን የት አደረሳችኋቸው?» አሏት ወጣቷን አስጎብኚ።

ልጅቱ ከነፃነት በኋላ የተወለደች ናት። አሰብ አድርጋ፣ በትሕትና፣ «አባቴ ያውቋቸው ይሆናል» አለች።

ጋሼ በሹም ሽር የሚደናገጡ ሰው አይደሉም። የአዲስ አበባው ሌኒን በ1991 ሲገረሰስ እዚያው ከተማ ነበሩ። እንዲያውም በራሳቸውም ውስጥ ሹም ሽር ተካሂዷል፤ በማርክስ ሥር ቆሞ የተነሳው ያ ወጣት ዛሬ ረቡዕና ዓርብን አጥብቆ የሚጾም የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኗል።

የታሽከንቱ ሌኒንስ? እሳቸውም በሌላ አደባባይ ግዙፍ መቀመጫ ነበራቸው። በ1992 ወርደው በቦታቸው የዓለም ሉል ተቀመጠ፤ ሉሉ ላይ የተቀረጸችው አገር ግን ኡዝቤኪስታን ብቻ ናት። ሌላው ዓለም ገና ሹመቱ አልጸደቀም ማለት ነው። ጋሼ በጀርባው በኩል ምናልባት ብለው ዞረው ኢትዮጵያን ፈለጉ።

ሹም ሽሩ ምድር ቤትም ወርዷል። በ1977 ሥራ የጀመረው ሜትሮ የጥቅምት አብዮት የሚል ጣቢያ ነበረው፤ ዛሬ በአሚር ቲሙር ስም ይጠራል። እስከ 2018 ድረስ እዚህ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነበር። አሁን ሰዉ በክልከላው ዘመን ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያካክስ ይመስል ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ ከእብነ በረዱና ከመብራቱ ዓይኑን አያነሳም።

ከመናፈሻው አጠገብ ያለው የቲሙር ሙዚየም በ1996 የተከፈተ፣ ሰማያዊ ጉልላት የደፋ ክብ ሕንፃ ነው። ምስሉ ባለ አንድ ሺሕ ሶም ኖት ላይ ታትሟል፤ በዚያ ኖት ግን መግቢያ አይቆረጥበትም። ውስጡ ወርቅ በወርቅ ነው። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሥነ ሕንፃ፣ ስለ ሥነ ፈለክ ብዙ ይነገራል፤ የልጅ ልጃቸው የከዋክብት ተመራማሪው ንጉሥ ኡሉግ ቤግ ነገርም አለ። በ1387 ቲሙር ያስጨፈጨፏቸውን የፋርሷን ኢስፋሃን ሰዎች የራስ ቅል ክምር ግን እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ፈልጌ አጣሁት። ሹም በወንበሩ ላይ እያለ ግምገማ የለም፤ ይህን እንኳ ከቤታችን ይዘን የሄድነው ዕውቀት ነው።

አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ኻስት ኢማም በሚባለው ግቢ፣ በትውፊት የኸሊፋ ዑስማን ነው የሚባል ጥንታዊ ቁርኣን በመስተዋት ውስጥ ተዘርግቶ አየን። በቆዳ ላይ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ከጣት ይወፍራል። ካውፍማን በ1869 ከሳማርካንድ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ላኩት፤ የሌኒን መንግሥት ከዚያ አወጣው፤ በ1924 ታሽከንት ገባ። ወሳጁም ተሻሩ፣ መላሹም ተሻሩ። መጀመሪያ ወደ ሳማርካንድ አመጡት የሚባሉት ቲሙር ብቻ አሁን በሥራ ላይ ናቸው።

ቾርሱ ገበያ ግን ሌላ አገር ነው። በትልቁ ሰማያዊ ጉልላት ሥር ገብተው ቀና ቢሉ ዙሪያውን የዘቢብና የለውዝ ሰገነት፣ ዝቅ ቢሉ የሥጋ መደዳ። የፈረስ ሥጋ ቋሊማ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፤ ሻጩ ለጋሼ ቆርሶ ሲዘረጋላቸው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «ረቡዕ ነው» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ውጭ መሐሉ በማኅተም የተወጋ ክብ ዳቦ በሕፃን ጋሪ ተጭኖ ይሸጣል።

ጋሼ የቆሙት ካሮት ፊት ነው። እንደ ክር የተቀጠነ ካሮት በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በድምብላልና በበርበሬ የታሸ፤ ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት። ይህን ሰላጣ ለታሽከንት ያስተማሩት ስታሊን በ1937 ከሶቪየት ኅብረት ሩቅ ምሥራቅ በባቡር ጭነው ያጋዟቸው ኮሪያውያን ናቸው። የለመዱትን ጎመን እዚህ አጥተው ካሮት ያዙ። የአጋዡ ሐውልት ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ ካሮቱ በየማለዳው ይከተፋል።

የኮሪያ ዘር ያላቸው ባልቴት በመዳፋቸው አስቀመሷቸው። ጋሼ በዛገ ሩሲያኛ ዋጋ ተከራከሩ፤ ባልቴቷ ቀነሱ፤ ጋሼ ሊሄዱ መሰሉ፤ ደግሞ ቀነሱ። ሦስተኛው ዙር ላይ ባልቴቷ ትክ ብለው አዩዋቸውና ከየት እንደሆኑ ጠየቁ።

«ከኢትዮጵያ። እዚህ ነው የተማርኩት።»

«እናቴ እዚሁ ነበር የምትሸጠው» አሉ ባልቴቷ፣ ከረጢቱን እየቋጠሩ። «የእናንተ አገር ተማሪዎች በዱቤ ይወስዱባት ነበር። አንዱ፣ ጎፈሬ ያለው፣ ስኮላርሺፑ ሲገባ እከፍላለሁ እንዳለ ቀረ ትል ነበር።»

ጋሼ ለአፍታ ጉልላቱን ተመለከቱ። ከዚያ መጀመሪያ የተጠሩትን ዋጋ ከፈሉ፤ መልስም አልተቀበሉ።