የጣሳ ዋጋ፣ ከሚሺጋን እስከ ጠባሴ

«ፈረንጅ አገር ቆሻሻ እንኳን ብር ነው።» ከውጭ የመጣ ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ ይህን ሳይል አይነሳም። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ «እኛማ ምን አለን!» ይባላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔ ግን ባዶ የለስላሳ ጣሳ ሚሺጋንም፣ ሜሪላንድም፣ ደብረ ብርሃንም ሸጬ አይቻለሁ። አባባሉ ውሃ አያነሳም።

ከአሜሪካዋ ሚሺጋን ልጀምር። እዚያ አንድ ጣሳ ኮካ ስትገዙ ከዋጋው በላይ 10 ሳንቲም መያዣ ትከፍላላችሁ። ባዶውን ስትመልሱ 10 ሳንቲሟ ትመለሳለች። ሕጉን በ1976 ያጸደቀው ሕዝቡ ራሱ ነው፣ ድምፅ ሰጥቶ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ማሽን አለ። ጣሳውን ትከቱለታላችሁ፣ ባርኮዱን አንብቦ ይውጠዋል፣ ስትጨርሱ ወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ካሸር ጋ ወስዳችሁ ገንዘባችሁን ትቀበላላችሁ።

አዲስ ገቢ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቦታ እንዳይዝበት ጣሳውን በእግሩ ጨፍልቆ ይሄዳል። ማሽኑ የተጨፈለቀ አያነብም፤ መልሶ ይተፋዋል። ከጎረቤት ስቴት ጣሳ ጭኖ መጥቶ መያዣ መቀበል ደግሞ ወንጀል ነው። ሱቁም ለአንድ ሰው በቀን ከ25 ዶላር በላይ አልመልስም ማለት ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ባዶ የአልሙኒየም ጣሳ ከ13 እስከ 14 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 በላይ ጣሳ ያስፈልጋል። በሚሺጋን ሒሳብ ያ ኪሎ ከ7 ዶላር በላይ ነው። አዲሱና ንጹሁ አልሙኒየም ደግሞ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ባለፉት ዓመታት በአብዛኛው ኪሎው ከ2 እስከ 3 ዶላር ሲሸጥ ነው የቆየው። አያችሁት? ባዶ ጣሳ ከአዲሱ ብረት በለጠ። ሚሺጋን የሚከፈላችሁ የጣሳው ዋጋ አይደለም። በመያዣ ተይዞ የቆየው የራሳችሁ ገንዘብ ነው።

ሜሪላንድ ስትመጡ ይህ ሁሉ የለም። ቨርጂኒያም የለም፣ ዲሲም የለም። ከ50ዎቹ ስቴቶች የመያዣ ሕግ ያላቸው 10 ብቻ ናቸው። ቀዳሚዋ ኦሪገን ነበረች፣ በ1971። ስለዚህ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ጣሳ ልሽጥ ካለ የሚሸጠው በክብደት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው። አንድ ፓውንድ ለመሙላት 32 ጣሳ ገደማ ይፈልጋል፤ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከ1 ዶላር በታች ነው። እዚህ መጨፍለቅ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ጭነት ይቀንሳል። ግን ነዳጅ አቃጥላችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ መታወቂያ አሳይታችሁ የምታገኙት የአንድ ምሳ አይሆንም። ለዚህ ነው አብዛኛው ሰው ከቤቱ ደጅ ባለው ገንዳ ከትቶት የሚገላገለው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ሐበሻም ዳሽንም ቢራ የሚጠምቁባት ከተማ ናት። ጠባሴ ከሚባለው ሰፈሯ ተነስታችሁ ከተማውን አቋርጡት። የሃይላንድ ላስቲክ በየቦዩ ታያላችሁ። የኢነርጂ መጠጥ ጣሳም አልፎ አልፎ። የቢራ ጠርሙስ ግን ተጥሎ ማግኘት ይከብዳል። ከተማው ቢራ ስለማይጠጣ እንዳይመስላችሁ!

ጠርሙሱ መያዣ ስላለበት ነው። ግሮሰሪው ባዶ ጠርሙስና ሳጥን ካላስረከበ አዲስ አይወስድም፣ ወይ የጠርሙሱን ገንዘብ ያስይዛል። ለበዓል አንድ ሳጥን ቢራ ቤት ሲገባ «ጠርሙሱን እንዳትሰብሩ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ሚሺጋን ሕዝብ ጠርታ፣ ድምፅ ቆጥራ ያመጣችውን ነገር የእኛ ባለ ግሮሰሪ በደብተርና በስክሪፕቶ ይሠራበታል። ጣሳና ላስቲክ ሲመጣ ግን ዘዴው አብሮ አልመጣም። ይህ ነው እኔን የሚያናድደኝ። የምናውቀውን ነገር ነው የተውነው። አሁን ተነስቶ «እንደ ፈረንጅ እናድርግ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ሰፈሩ ያለውን ግሮሰሪ ይጠይቅ።

መያዣ በሌለበት ጣሳም ሆነ አሮጌ ድስት የሚሸጠው ለቆራሌው ነው። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ ያልፋል። አክስቴ ጠባሴ ነው የምትኖረው። ጓሮ ያጠራቀመችውን ታወጣለታለች። የተቀደደ ሰታቴ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የጣሳ ክምር፣ ከቤት እድሳት የተረፈ የመስኮት ፍሬም ቁራጭ።

«ስንት ትለዋለህ ልጄ?»

«እማማ፣ ይሄ ቀላል ነው፣ ሚዛን አይሞላም። በጥቅሉ ልውሰደው።»

ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይመዝነውና አንድ ዋጋ ይጠራል። አክስቴ «ኧረ ጨምር» ትላለች። ትንሽ ይጨምራል። አለቀ።

ልጁን ሌባ ማለቴ አይደለም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ነው የሚዞረው። እሱም ለከተማው ሰብሳቢ ያስረክባል። ሰብሳቢው አይሱዙ ሲሞላለት ወደ አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራን ወደ መሰሉ ገበያዎች ይልካል። ከዚያ ማቅለጫ ይገባል። በየእጁ ትርፍ ይቆረጣል፤ አክስቴ ጋ የሚደርሰው ከሁሉም የተረፈው ነው። ሜሪላንድ ያለው ገዢም የሚከፍለው ትንሽ ነው። ልዩነቱ የዕለቱን ዋጋ በየዓይነቱ ለጥፎታል፣ ካልጣማችሁ ሌላው ጋ ትደውላላችሁ። ጠባሴ ላይ ዋጋውን የሚያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

ደግሞም ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብረት ሁሉ ተወዷል። አገራችን ውስጥ ከማዕድን አልሙኒየም የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። አዲሱ ሁሉ በዶላር ነው የሚገባው። ስለዚህ የአክስቴ ቀዳዳ ሰታቴ ዶላር ይተካል ማለት ነው። እሷ ግን ዛሬም የምትደራደረው በአምናው ዋጋ ነው። ከመሸጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደውሉና የሳምንቱን ዋጋ አስጠይቁ። የአንድ ጥሪ ሒሳብ ነው።

ሌላው ጣጣ መቀላቀል ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳና የዱቄት ወተት ጣሳ ቆርቆሮ ነው። የለስላሳው ጣሳ አልሙኒየም ነው። አንድ ላይ ከታሸጉ ገዢው ሁሉንም በርካሹ ይመታዋል። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አውጡና አስጠጉት። ከያዘ ቆርቆሮ ነው፣ ካልያዘ ለብቻ አስቀምጡት። አልሙኒየሙንም ቢሆን ለዩት። ድስትና ሰታቴ ለብቻ፣ የመስኮት ፍሬም ለብቻ፣ ጣሳ ለብቻ።

ጣሳ ከድስት የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ስስ ነው። ቀለም ተቀብቷል። እሳት ሲነካው ቀላል የማይባለው ተቃጥሎ ዝቃጭ ይሆናል። ወፍራሙ ድስት ግን ብዙም ሳይባክን ይቀልጣል። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በከሰልና በማራገቢያ የሚሠራ ትንሽ ምድጃም ይበቃዋል። አሮጌ ድስት መልሶ ድስት ሆኖ ገበያ የሚወጣው በዚህ ነው። ከማዕድን አዲስ አልሙኒየም ከማውጣት ጋር ሲተያይ የሚፈጀው ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ከቁርጥራጭ በተሠሩ ድስቶች ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ከባትሪና ከሞተር ዕቃ ጋር የተደባለቀ ቁርጥራጭ ተመልሶ ወጥ ይሠራበታል ማለት ነው። መለየቱ ለዋጋ ብቻ አይደለም።

ጣሳው ደረቅ ይሁን። ውስጡ ውሃ ወይም አሸዋ ካለ ገዢው ይቀንሳል። እውነት ነው፣ ሚዛን ይሙላልኝ ብሎ አሸዋ የሚጨምርም አለ። በእሱ ምክንያት ገዢው የሁላችንንም ጣሳ አሸዋ አለበት ብሎ ነው የሚነሳው። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ከእናንተ ዕቃ ጋር አታስቀላቅሉት። ገመዱ ከየት እንደተቆረጠ ሁላችንም እናውቃለን።

ሚዛኑንስ? ተንጠልጣይ ሚዛን ይዞ ለመዞር ይመቻል፣ ለማጭበርበርም ይመቻል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉና አንጠልጥሉት። ከ2 ኪሎ እጅግም መራቅ የለበትም። ቆራሌው ፊት ስታደርጉት ትንሽ ያስቀይማል፤ እየሳቃችሁ ብታደርጉት ይሻላል።

ዋናው ትርፍ ግን ያለው እጅ በመቀነስ ነው። አክስቴና ጎረቤቶቿ የየቤታቸውን አንድ ጓሮ አጠራቅመው፣ ባጃጅ ተኮናትረው በቀጥታ ለሰብሳቢው መውሰድ ጀምረዋል። ሰብሳቢው ብዙ ሲያይ ሚዛን አውጥቶ በኪሎ ያወራል። በዓይን መገመት ቀረ። ከፋሲካና ከጥር ሠርግ በኋላ በተለይ ጥሩ ይገኛል፤ የተበላሸ ድስትም የተጠጣ ጣሳም የሚበዛው ያኔ ነው።

የባጃጁን ግን ቀድማችሁ አስሉት። አንድ ማዳበሪያ ጣሳ ብቻ ይዞ መሄድ የሜሪላንዱ ሒሳብ ነው የሚሆነው፣ ትርፉን ባለ ባጃጁ ይወስደዋል። ያቺን ለቆራሌው ስጡት፤ በኪሎ አስመዝናችሁ።