የጋሼ ሐረግ

ሃኒሰክል የሚባለውን ባለ አበባ ሐረግ የተከልኩት ለአበባው ነው ብል ውሸት ነው። ጎረቤቴን ለመጋረድ ነው የተከልኩት። ጋሼ በሽቦው አጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው «ምን እየሠራህ ነው?» ማለት ይወዳሉ። ምንም እየሠራሁ አይደለም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሐረጉ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄ እንጨት ሞቷል» አሉ ጋሼ።

«ሥር እየሰደደ ነው» አልኳቸው።

በሁለተኛው ዓመት ሽቦውን መጨበጥ ጀመረ። በሦስተኛው ጉድ ፈላ። አጥሩን አስደግፌ የረሳሁትን መጥረጊያ በሳምንቱ ላነሳ ብል እንቢ አለኝ። ሐረጉ እጀታውን ሦስት ዙር ጠምጥሞታል!

ከዚያ አበበ። ግን በጋሼ በኩል። ይህ ተክል ሥሩን ጥላ ውስጥ፣ አናቱን ፀሐይ ላይ ማድረግ ይወዳል። ጥላው የእኔ ግቢ ነው፣ ፀሐዩ የእሳቸው። እኔ አጠጣለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ለእኔ የተረፈኝ እንጨትና ክሽክሽ ነው።

የእኔ የጃፓኑ ዓይነት ነው። ነጭ ሆኖ ይፈነዳና ውሎ ሲያድር ወደ ቢጫ ይለወጣል። ስለዚህ አንዱ ሐረግ ላይ ነጩም ቢጫውም አብረው ይታያሉ። ቻይናዎች የወርቅና የብር አበባ ይሉታል። ይህን ለጋሼ መንገሬ ስህተት ነበር። «ታዲያ ወርቁም ብሩም በእኔ በኩል ነዋ!» አሉኝ።

ሽታው ደግሞ የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ የእሳት እራቶችን ሊጠራ። ጋሼንም ይጠራል። ወንበራቸውን አውጥተው «ሐረጋችን ዛሬ እንዴት ይሸታል!» ይላሉ። ሐረጋችን! በዘር ሐረግ እንኳን አንገናኝም። ቅጠል ሲረግፍ ግን «ሐረግህን ሰብስብ» ነው።

አንድ ቀን በግኜ መቀስ ይዤ ወጣሁ።

«አበባ ላይ እያለ ይቆረጣል እንዴ?» ብለው ጮኹ። «ና እስቲ በዚህ በኩል እየው!»

ሄድኩ። ሦስት ዓመት ያጠጣሁትን አበባ ለማየት የሰው በር አንኳኳሁ። ጋሼ አንዷን ቀጠፉ። ቂጧን በጥፍራቸው ቆንጠር አድርገው በመሃል ያለውን ቀጭን ክር ቀስ ብለው ሳቡ። ጫፉ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ጣፋጭ ጠብታ ተንጠለጠለች።

«ቅመስ» አሉኝ በቸርነት፣ «የራስህ ነው እኮ!»