አሊን ማን ወሰደው?

ነገሩን የጀመረችው ሚስቴ ናት። የሳሎኑን መደርደሪያ እየወለወለች (ድሬ ላይ አቧራ መወልወል ማለት አቧራውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፣ እሱ ይቆየን) "አንተ፣ ይሄን ሲዲህን ወይ አንድ ነገር አድርገው ወይ ለባጃጆቹ ስጣቸውና መስታወታቸው ላይ ያንጠልጥሉት" አለችኝ። ደነገጥኩ። 214 ሲዲ! በወጣትነቴ ጫት ቀንሼ የገዛሁት ሲዲ! (ቀንሼ ነው ያልኩት፣ ትቼ አላልኩም።) እና በስሜት ተነሳሁና "ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ እገለብጠዋለሁ" ብዬ ፎከርኩ። በስንት ቀን? አለች። በአንድ ቅዳሜና እሁድ አልኩ። ይሄን ያልኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ ጥምቀት ሲደርስ ገና "መ" ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ ነገር ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ያሁን ላፕቶፕ ከስቶ ከስቶ አፉም ተደፍኗል። ታይዋን ሄድኩ። ድሬን ለማያውቅ፣ ታይዋን ያልኩት ገበያውን ነው፣ ደሴቷ ድረስ አልሄድኩም። አንዱ ሱቅ ገብቼ "በዩኤስቢ ሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ አለ?" ስል ልጁ፣ ሃያ አመት ቢሞላው ነው፣ አየኝ አየኝና "አቦ ፍላሽ ነው ምትፈልገው" አለኝ። አይደለም፣ ሲዲ ነው። "ሲዲ... ያ ክቡ?" ያ ክቡ! ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛው አጎቱን ጠራ፣ አጎትየው ከጓዳ አቧራ የለበሰ ካርቶን ይዞ መጣና አንድ ዋጋ ጠራ። "እንዴ፣ ቅርስ ነው እንዴ ምትሸጥልኝ?" ስለው "ቅርሱስ አንተ ነህ" አለኝ። ከፈልኩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ ለላፕቶፑ አዲስ ባትሪም ገዛሁ፣ ባልገዛው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሳጥኖቹን መክፈት ጀመርኩ። የማህሙድ አህመድ ሳጥን ውስጥ መዝሙር፣ የመዝሙሩ ሳጥን ውስጥ የእንግሊዝኛ መማሪያ፣ የእንግሊዝኛው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሆነ የጥርስ ሀኪም ደረሰኝ። ከ214ቱ ሳጥኑና ሆዱ የሚስማማው 61 ብቻ ነው። ይሄም ባልከፋ፣ የባሰው ሲዲዎቹ ላይ በማርከር የተጻፈው ነው። "ንብረትነቱ የእንትና።" "ከእንትና ለእንትና በፍቅር" (ሁለቱንም አላውቃቸውም)። አንዱ ላይ በትልቁ "የማይመልስ ሌባ ነው" ይላል፣ እሱን ከተዋስኩት አስራ አራት አመቴ ነው። እና እያየሁ እያየሁ ስሄድ "የኔ ስብስብ" እያልኩ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምኮራበት ነገር ከግማሽ በላይ የሰው ሆኖ ቁጭ። የኔዎቹስ የት ሄዱ? የኔዎቹ ከዚራን ጨርሰው ሳቢያን ገብተዋል፣ ገንደ ቆሬ ዞረዋል፣ ሐረር ሄደው እዛው ትዳር የያዙም አሉ። ማንም ሌባ አልነበረም እኮ፣ ሁላችንም "ነገ እመልስልሃለሁ" ነበርን።

ያንዱ ሳጥን ባዶነት ግን እንደ አዲስ አንገበገበኝ። የአሊ ቢራ። ከአሊ ሦስት ሲዲ ነበረኝ፣ የጠፋችው ነች የምትበልጠው። ለድሬ ልጅ ደግሞ አሊ እንዲሁ ዘፋኝ ብቻ አይደለም፣ እዚሁ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሆኖ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ጀምሮ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማሊኛም የዘፈነ የቤታችን ሰው ነው። በ2015 ጥቅምት ላይ ሲያርፍ ከተማው ሙሉ የሱን ዘፈን ከፍቶ ሲያለቅስ እኔ ባዶ ሳጥን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። ያን ቀን ሼፍን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሼፍ ጎረቤቴ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ። ሼፍ የተባለው ምግብ ስለሚያበስል አይደለም፣ የድሮው ባቡር ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበርና (ሼፍ በፈረንሳይኛ አለቃ ነው) ማዕረጉ ከዛ ቀረ፣ እሱም እስከዛሬ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥረው። አባቴ ይሆናል፣ እኔም እሱም "አንተ" ነው የምንባባለው፣ ድሬ አንቱታ ሙቀቱን አይችልም። እና ያቺን ሲዲ የወሰደው ሼፍ ነው። ማስረጃ? ማስረጃማ የዛሬ ዘጠኝ አመት "ያቺን አሊን አውሰኝ" ማለቱን አስታውሳለሁ፣ መስጠቴንም አስታውሳለሁ፣ መመለሱን አላስታውስም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በግልጽ ግን ከስሼው አላውቅም። በሽሙጥ ነው ስሰራለት የኖርኩት። ለኢድም ለፋሲካም ቤቱ ስሄድ "አሊ እንዴት ነው፣ ደህና ነው?" እለዋለሁ። በርጫ ላይ ዘፈን ሲከፈት "እኛማ ነበረን" ብዬ እተነፍሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን "ወላሂ መልሼልሃለሁ!" እያለ ይጮህ ነበር። በሦስተኛው አመት "የመለስኩልህ ይመስለኛል" አለ። በስድስተኛው ዝም። እኔም ይሄን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጥሬ መዝገቤን ዘጋሁ።

ወደ ስራው ልመለስ። አብዛኛው ሲዲ ላይ የዘፋኙ ስም የለም ብላችሁ ታምናላችሁ? ሽፋኑ ላይ እንጂ ውስጡ። ውስጡ ያለው በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር የተጻፈ ድምጽ ነው፣ ስም የለ ርዕስ የለ። በ1982 በፈረንጆቹ ገበያ ላይ ሲያወጡት አንድ የከዚራ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሊገለብጠው እንደሚነሳ አልታያቸውም። እና ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል፣ የዘፈኖቹን ርዝመት ይለካና ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ሰውን በጫማ ቁጥሩ እንደማፈላለግ በሉት። የሰርጋችን ዕለት የተቀዳችው ሲዲ የጀርመን የቤተክርስቲያን ኦርጋን ነች ተብላ ወጣች፣ ሚስቴ "ለዛ ነዋ ቆመህ ያለቀስከው" ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀችብኝ።

ደግሞ በየትኛው የፋይል ዓይነት ልቅዳው የሚባል ጣጣ አለ። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ እንዳለ ሲቀመጥ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይበላል። ኤምፒስሪ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ካደረጉት ከአስራ አንድ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ፍላክ የሚሉት ደግሞ ግማሽ ገደማ ይደርሳል ግን ምንም አይቀነስበትም። ይሄን ለሰፈር ሰው ያስረዳሁት በኮንትሮባንድ ነው። ፍላክ ማለት ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ስትመጣ ልብሱን አጣጥፋ፣ ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ ተቀምጣ ሻንጣውን የዘጋች ነጋዴ ናት፣ ቤት ገብታ ስትፈታው አንድ ካልሲ አይጎድልም። ኤምፒስሪ ኬላ ላይ የተፈተሸው ነው፣ ፈታሹ "ይሄ ቢቀር አይታወቅብህም፣ ይሄም አይታወቅብህም" እያለ ከአስራ አንዱ አስሩን አውርዶ አንዱን ያሳልፍልሃል፣ የሚገርመው ደግሞ ቤት ስትደርስ እውነትም ብዙ አይታወቅም። እኔ በፍላክ ቀዳሁ። በዚህ ጆሮዬ ልዩነቱን እሰማለሁ ብዬ አይደለም፣ ፈታሽ ስለማልወድ ነው።

የተጫረ ሲዲ ሲገጥመው ማንበቢያው እዛችው ቦታ ላይ እየተመላለሰ ደጋግሞ ያነባል፣ "ምን አልክ? ድገምልኝ" እንደሚል ወሬ ወዳድ። አንዷን ሲዲ አራት ሰዓት ሙሉ ሲደጋግማት አደረ፣ ጩኸቱ ልክ የድሮው ባቡር ሽቅብ ሲወጣ ነው። በጥርስ ሳሙና አሻሸኋት፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ ነው የሚጠረገው፣ ዙሪያውን ከሄዱበት ጭረቱ መስመሩን ተከትሎ ይበላዋል። የሚገርመው ብዙ ሰው የሚያብለጨልጨውን ወገን ነው የሚሳሳለት፣ ድምጹ ያለው ግን ጽሁፉ ባለበት በኩል፣ ከስሷ ቆዳ ስር ነው፣ እኛ ደግሞ እዛው ላይ "የማይመልስ ሌባ ነው" ብለን በማርከር ስንፈልጥ የኖርነው።

ስሞቹን ማስተካከል ግን ከሁሉ በላይ አደከመኝ። ጥላሁን ገሠሠን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፣ ለካ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ደምብ በሁለተኛው ስም ነው የሚደረድር፣ "ገ" ስር ተቀምጧል። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ዘፍኖ ዘፈኑ በአባቱ ስም ዞረ። "ፀሐይ" የሚል ፈልግልኝ ስለው "ጸሀይ" ብዬ የጻፍኩትን አላየሁም ይላል፣ ኮምፒውተር ሞክሼ ፊደል አያውቅም፣ እኔ ደግሞ የትኛው ጸ እንደነበር ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ እንደ ሙዴ ነው የምጽፈው። እነዚያን ሁለቱን የአሊ ሲዲዎች ደግሞ "ቢራ፣ አሊ" ብሎ ፎልደር ከፈተላቸው። ቢራ የአባቱ ስም እንኳ አይደለም፣ በኦሮምኛ ክረምት ሲወጣ ያለው ብሩህ ወራት ነው። አማቴ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየችና "አሁንስ ኮምፒውተር ውስጥም ቢራ ማስቀመጥ ጀመርክ?" አለች። አስረዳኋት። አላመነችኝም።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዛመት ሰው መጉረፍ ጀመረ። ገሚሱ ሲዲውን ሊያስመልስ፣ ገሚሱ ፍላሽ ይዞ "ጫንልኝ" ሊል። ያ "ሌባ ነው" ብሎ የጻፈው ሰውም መጣ፣ ሲዲውን ስሰጠው ጽሁፉን አይቶ አፈረ፣ እኔም አፈርኩ፣ ተፋፍረን ፈጢራ ጋበዘኝ።

የካቲት ላይ አለቀ። ሚስቴ "እንግዲህ ያን ግንድ ቴፕ ለቆራሌው ስጠው" አለች። ባለ ሦስት ሲዲ ቴፕ ነው፣ ሲዲ ማስገቢያው ተጣብቆ ከቀረ ቆይቷል፣ ሬድዮ ብቻ ነበር የምንሰማበት። ብሎኑን ለራሴ ላስቀር ብዬ በጠመንጃ መፍቻ ከፈትኩት። አንደኛው ጉድጓድ ባዶ። ሁለተኛው ላይ አሊ።

ቁጭ አልኩ። ቴፑ መቼ ነበር የተጣበቀው? የዛሬ ዘጠኝ አመት። ሲዲዋ የጠፋችውስ? ሁለቱ በአንድ ሰሞን መሆናቸው ዘጠኝ አመት ሙሉ አልታየኝም። ዘጠኝ ኢድ፣ ዘጠኝ ፋሲካ። አንድ ጭረት የለባትም፣ ከስብስቡ ሁሉ ንጹሕ እሷ ነች፣ ማን ነክቷት። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ቀዳኋት። ለሼፍ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዛ ጾሙ ይግባ አልኩ። ከዛ ጾም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም አልኩ።

አንድ ማታ ሼፍ ራሱ መጣ። በፖስታ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና "አንተ፣ እንግዲህ ሰው ያረጃል፣ ይረሳል" ብሎ ጀመረ። "የት እንዳደረግኳት አላውቅም። ልጄን ፈረንሳይ ሆና ስንት ቦታ አስፈለግኳት መሰለህ።" ፈታው። አሊ። ያቺው ራሷ፣ ሳጥኗ ገና በላስቲክ እንደታሸገ። "ይኸው፣ ዘጠኝ አመት ተሸክሜህ ኖርኩ፣ አሁን አውርደኝ።"

እዚህ ጋ መናገር ነበረብኝ። ሚስቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና እያየችኝ ነው፣ እሷ ታውቃለች። እኔ ግን "ምን ነካህ ሼፍ፣ ምን አደከመህ" አልኩ፣ ተቀበልኩ። "በል አሁኑኑ ክተታት፣ እኔ እያየሁ" አለ። ሌላ ቀን ብለው እምቢ። ላስቲኩን ራሱ ቀደደው። ከተትኳት። ማንበቢያው ተሽከረከረ፣ ርዝመቱን ለካ፣ አሰበ፣ እና አንዲት ትንሽ ሳጥን ስክሪኑ መሃል ብቅ አለች፣ ይሄ አልበም አለህ፣ በላዩ ልጻፍበት ወይ ትላለች፣ በእንግሊዝኛ። ተመስገን፣ ሼፍ እንግሊዝኛ አያውቅም።

መነጽሩን አደረገ። "ኦል...ሬዲ... ኤግዚስትስ" አለ፣ ድሮ ባቡር ሲገባ እንደሚያስታውቀው ቀስ ብሎ። "አንተ፣ ኤግዚስቴ ማለት እኮ በፈረንሳይኛ አለ፣ ይገኛል ማለት ነው።"

"በእንግሊዝኛ ይለያል" አልኩት።

"በእንግሊዝኛ ምንድነው?"

መብራት ጠፋ። እንደዛን ቀን መብራት ሲጠፋ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ላፕቶፑ አዲስ ባትሪ አለው። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ብርሃን የዛች ሳጥን ብቻ ሆነ፣ ሼፍም በደንብ ሊያነባት ወንበሩን ወደሷ ሳበ።