ማስተካከያ፦ ስለሚላላ የጀልባ ሞተር መቆጣጠሪያ እጀታ

ስለ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ቀደም ሲል በጻፍኩት ጽሑፍ፣ በንዝረት የሚላላ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እጀታ ብሎኖቹ ሁሉ በብሎን ማጣበቂያ ሙጫ ቢታሰሩ መፍትሔ ያገኛል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ምክሬን ተከትሎ የሠራ ሰው ካለ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እጀታው በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ጥብቀቱን የሚወስነው ማስተካከያ ብሎን ነው። በየጊዜው እንዲጠብቅና እንዲላላ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ፈጽሞ ሙጫ አይነካውም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቅ፤ እጅ ሲለቀው ባለበት የሚቆም፣ በድንገት ለመመለስ ግን የማያስቸግር መሆን አለበት። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ከመላላቱ ያልተናነሰ አደጋ አለው።

ሙጫው ሌላም ጣጣ ያመጣል፤ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያሰነጥቃል። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከጀልባው አካል ጋር ለሚያስሩት ብሎኖች በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻላል፤ ሲፈታም በአዲስ ይተካ።

እጀታው ጠብቆም ሞተሩ ዘግይቶ የሚታዘዝ ከሆነ እጀታውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል መርምሩ። ያለቀ ወይም የዛገ ኬብል ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።