«ባዶ ቦታ አለ እኮ፣ ሙላበት እንጂ!»

ዛሬ ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ህትመት ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ፣ ባነር፣ የሰርግ ካርድ፣ የካፌ ሜኑ፣ የምርቃት ፖስተር ምናምን ነው ቀኑን ሙሉ የምንሰራው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው የሙዚቃ ከቨር (የዘፈኑ ወይም የአልበሙ ፊት ላይ የሚወጣው ምስል) ሲመጣልኝ ነው፣ ጨጓራዬን የሚልጠውም እሱው ነው። ማንም ይምጣ ማን፣ ነጠላ ዜማ የሚለቅ ዘፋኝ ይሁን ራፐር ይሁን ባንድ፣ ሰርቼ ጨርሼ ስክሪኑን ሳዞርለት የሚለኝ ያው ነው። «አሪፍ ነው ብሮ፣ ግን እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ እኮ፣ ሙላበት እንጂ!»

በምን ልሙላው? በእሳት። በመብረቅ። በአንበሳ። የዘፋኙ ፊት አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎን፣ አንዴ ደሞ መነጽር አድርጎ። ስሙ በወርቅ ቀለም በስሪዲ፣ ከስሩ የፕሮዲውሰሩ ስም፣ ሚክስ ማስተሪንግ የሰራው ልጅ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ የዩቲዩብ ምልክት፣ ለፕሮግራም የሚደወልበት ስልክ፣ ስፖንሰር ያደረገው ቡቲክ ሎጎ። ይሄ ሁሉ እኮ ስልክ ላይ ሲከፈት አውራ ጣት የምታክል ካሬ ውስጥ ነው የሚገባው ወገን!

በዚህ ሳምንት የመጡት ልጆች ግን ከሁሉም የባሰ አናደዱኝ፣ የተናደድኩት ደሞ ስለምወዳቸው ነው። ሮክ ነው የሚጫወቱት። ጅማ ውስጥ፣ ሮክ! ጊታር ተበድረው፣ መብራት ሲኖር ተለማምደው፣ ጎረቤት እየጮኸባቸው እዚህ የደረሱ ልጆች ናቸው። ዘፈኑን በኢርፎን አሰሙኝ፣ ለሊት መናኸሪያ ውስጥ ዝናብ እየዘነበበት የማይመጣ ሰው ስለሚጠብቅ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ጊታሩ ሲገባ ጸጉሬ ነው የቆመው። አምሽቼ ሰራሁላቸው። ካሬው በሙሉ የጅማ የክረምት ሰማይ፣ ያ ከባዱ ግራጫ፣ ታች ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተረሳ ጃንጥላ። ሌላ ምንም የለም። ሲያዩት ዝም አሉ፣ ከዛ አንዱ «ባዶ አልሆነም?» አለ። ሌላኛው የአባ ጅፋርን ቤተመንግሥት ከጀርባ አስገባልን አለኝ፣ የሁላችንም ፊት ይታይ፣ ጊታሩ ይንደድ፣ የራስ ቅል ምናምን ጨምርበት። ቤተመንግሥቱን እኔም እወደዋለሁ፣ ጅሬን ወጥቼ ስንቴ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ግን እዚህ ዘፈን ውስጥ ምን ይሰራል?

ይሄን ሁሉ የሚለኝ ልጅ የለበሰውን ቲሸርት ብታዩ! ከሰልባጅ የገዛው ጥቁር ቲሸርት፣ መሀሉ ላይ ተራራ ተራራ የሚመስሉ ነጫጭ መስመሮች ያሉበት። ጆይ ዲቪዥን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ «አንኖውን ፕሌዠርስ» አልበም ነው፣ 1979። ፊት ለፊቱ ላይ የባንዱ ስም የለም፣ የአልበሙ ስም የለም፣ ፎቶ የለም። መስመሮቹ ሲፒ 1919 ከሚባል ኮከብ የመጡ የሬዲዮ ሞገዶች ናቸው፣ በ1967 ጆስሊን ቤል ካገኘችው ከመጀመሪያው ፐልሳር፣ ሬዲዮ ሞገድ ምት እየጠበቀ ከሚልክ ኮከብ ማለት ነው። ከባንዱ አባላት አንዱ ምስሉን የሥነ ፈለክ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ አየው፣ መጽሐፉ ላይ በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመር ነበር፣ ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል ገልብጦ ጥቁር ላይ ነጭ አደረገው፣ አለቀ። አብዛኛው ጥቁር ነው፣ ባዶ ነው! ያ ባዶ ነገር ነው ከአርባ አመት በላይ ኖሮ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጅማ ሰልባጅ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሄ ልጅ ከዛ ሁሉ ልብስ መሀል እሱን እንዲመርጥ ያደረገው። ለራሱ ልብስ ሲመርጥ ገብቶታል፣ ለራሱ ዘፈን ሲሆን ለምን ይጠፋዋል? ይሄን ነው ሊገባኝ ያልቻለው።

«ስማችን በትልቁ ካልተጻፈ ማን ያውቀናል» ደሞ ይሉኛል። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» 1973፣ ጥቁር ላይ ፕሪዝም የሚባል ባለ ሶስት ማዕዘን መስታወት፣ በአንድ በኩል ነጭ ብርሃን ይገባል በሌላው ቀለም ሆኖ ይወጣል፣ ከፊት አንድም ፊደል የለበትም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት ነው ንጹህና ቀለል ያለ ነገር ስጡን ያለው፣ ሂፕኖሲስ የሚባለው የነስቶርም ቶርገርሰን ስቱዲዮ ሰባት አማራጭ ይዞ ሲቀርብ አራቱም አባላት ይሄ ነው ብለው ተስማሙ። አራት ሰው፣ አንድ ሀሳብ! እኛ ጋ የባንዱ የአክስት ልጅ ሳይቀር በቴሌግራም ይጠየቃል፣ «እስኪ ትንሽ ቀይ ይጨመርበት» ይላል። ሌድ ዘፐሊን በ1971 አራተኛ አልበማቸውን ሲያወጡ ስምም ርዕስም ከልክለው ነው ያወጡት፣ የሪከርድ ኩባንያው ሰዎች ራሳችሁን ነው የምታጠፉት ብለው ተሟግተዋቸዋል፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከፊት ያለው ሰውዬ ብቻ ነው፣ ጎብጦ ጀርባው ላይ የእንጨት ሸክም የተሸከመ ሽማግሌ። ማን እንደሆነ የታወቀው በ2023 ነው፣ ዊልትሸር ውስጥ የሳር ክዳን ቤት ይከድን የነበረ ሎት ሎንግ የሚባል ሰው። ግማሽ ምዕተ አመት ሰው ሲያየው የኖረ ፊት! ቢትልስ ደሞ በ1968 ሪቻርድ ሃሚልተን የሚባለውን ሰዓሊ አምነው ሙሉ ነጭ አወጡ፣ የባንዱን ስም ያለ ቀለም ወረቀቱ ላይ አሳበጠው እንጂ አልጻፈውም። ይሄንን እኔ ለአንድ ደንበኛ ባቀርብ «ገና አልጀመርከውም እንዴ?» ነው የምባለው።

እሳት እሳት የሚሉኝም አሉ፣ ለነሱ ደሞ የ1975ቱን የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ነው የማሳያቸው። ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይጨባበጣሉ፣ አንደኛው ይነድዳል። እሳቱ የእውነት ነው፣ ሰውዬው ሮኒ ሮንዴል የሚባል የፊልም ስታንትማን (አደገኛ ትዕይንት የሚሰራ ሰው) ነው፣ መከላከያ ልብስ ከውስጥ አድርጎ ሎስ አንጀለስ አጠገብ የዋርነር ብራዘርስ ግቢ ውስጥ ለኮሱት፣ ነፋሱ ዞሮበት ከላይ ከንፈሩ ያለው ጺሙ ተቃጥሏል። እሳቱ ለጌጥ አልገባም፣ ሰዎች እንዳይቃጠሉ ፈርተው ስሜታቸውን የሚደብቁበትን አለም ለማሳየት ነው የገባው። ከኢንተርኔት ያወረድከውን የእሳት ምስል ጊታርህ ላይ ለጥፍልኝ ስትለኝ ግን ምን ልትነግረኝ ነው? ዘፈንህ እኮ ስለ ዝናብ ነው!

ደሞ ልክ ባዶ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ደንበኛ «ሳጀንት ፔፐርስ»ን አውጥቶ ይሄስ ሞልቶ የለም ወይ ብሎኛል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1967ቱ የቢትልስ ከቨር በሰው የታጨቀ ነው፣ ግን ፒተር ብሌክና ጃን ሃዎርዝ አብዛኛውን ፊት በሰው ልክ በካርቶን አዘጋጅተው ስቱዲዮ ውስጥ አቁመው ነው የሰሩት፣ በዛን ጊዜ ለአንድ ከቨር 50 ፓውንድ አካባቢ በሚወጣበት ሰዓት ወደ 3,000 ፓውንድ ፈጅቷል፣ ሁሉም ወደ አንድ ሀሳብ ይሄዳል፣ ከባንዱ ጀርባ የቆመ ህዝብ ነው። የኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም 1969፣ እሱም ባዶ ቦታ የለውም፣ ካሬውን በሙሉ የሚጮህ ቀይ ፊት ሞልቶታል፣ አፍንጫው ቀዳዳ ድረስ። የሳለው ባሪ ጎድበር የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበር፣ አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በ24 አመቱ ሞተ። ያንን ፊት ባየሁት ቁጥር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ከሁሉም የምወደው ከቨር እሱ ነው፣ ከፕሪዝሙም አስበልጣለሁ። አንድ ነገር ነው የሚለው፣ አንድ! የኛ የጅማ እንጨት ጠራቢዎች ባለ ሶስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲያወጡት አይታችኋል አይደል፣ የሚቀረውን እስኪያገኙ ድረስ ይጠርባሉ እንጂ ሚስማር እየመቱ አይቀጥሉበትም፣ ከቨርም እንደዛ ነው የሚሰራው።

መጥፎ ከቨር ታላላቆቹም አላቸው። የብላክ ሳባት «ቦርን አጌን» 1983፣ ቀንድና ጥርስ ያወጣ ቀይ ሕፃን፣ አይን የሚወጋ ቀለም። ዲዛይነሩ ስቲቭ ጁል በሰዓቱ ከሳባት ተባሮ ለብቻው ይዘፍን ለነበረው ለኦዚ ኦዝቦርን ሰዎች ነበር የሚሰራው፣ ሳባት ሲጠይቁት እምቢ እንዲሉት ብሎ አስቦበት አስቀያሚ አድርጎ አቀረበ፣ እነሱ ተቀበሉት! ይሄን ታሪክ ሳነብ እንዴት እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። እኔ ሶስት አማራጭ ሳሳይ የሚመረጠው ሁሌ የትኛው እንደሆነ የህትመት ቤት ሰው ያውቀዋል። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» 1966 ደሞ ሌላው የሚያበሳጨኝ ነው፣ ሙዚቃው እንደዛ ረቂቅ ሆኖ ከቨሩ ላይ ልጆቹ ሳንዲያጎ መካነ እንስሳት ውስጥ ፍየል ሲመግቡ ነው የምናየው። ርዕሱ የቤት እንስሳ ስለሚል እንስሳ ይግባ! እኛ ጋም ያው ነው፣ ዘፈኑ «ልቤ» ከተባለ ቀይ ልብ፣ «መንገድ» ከተባለ አስፋልት። ርዕሱን ጽፈኸዋል እኮ፣ ምስሉ ደግሞ ለምን ይደግመዋል?

ክፍያ ላይ ስንመጣማ ደሜ ይፈላል። «ለ10 ደቂቃ ስራ ይሄን ያህል?» ይሉሃል። የቢትልስን «አቢ ሮድ» ከቨር ኢየን ማክሚላን ያነሳው በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ኦገስት 8 ቀን 1969፣ መንገዱ መሀል መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ፖሊስ መኪና አቁሞለት፣ ስድስት ፎቶ ብቻ። ከነዛ ውስጥ አራቱም እግራቸው እኩል የተከፈተበትን ነው የመረጡት። 10 ደቂቃ ነው ብሎ የሚያጣጥለው አለ? ቀድሞ የታሰበው ሀሳብ፣ የት ልቁም የሚለው፣ ከስድስቱ የትኛው የሚለው፣ እሱ ነው ስራው። እኔ ጃንጥላዋን የት ላስቀምጣት ብዬ ያመሸሁትን ማንም አይቆጥረውም፣ ፎቶሾፕ ውስጥ ስንት ሌየር (ድርብርብ ምስል) እንዳለ ነው የሚቆጠረው። አለቃዬም አልረዳኝም፣ ደንበኛው ያለህን ሰርተህ ሸኘው ነው የሚለው፣ እሱ የቤት ኪራይ አለበት ይገባኛል፣ ግን የኔ እጅ ነው እዛ ላይ የሚታየው።

ስልክ ቁጥሩን ደሞ ስንቴ ልንገራችሁ፣ ዘፈናችሁን ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላይ የሚጭኑት አከፋፋዮች ከቨር ላይ ስልክ፣ ሊንክ፣ የሶሻል ሚዲያ ምልክት ካዩ ይመልሱታል። 3000 በ3000 ፒክስል ካሬ ነው የሚፈልጉት። እናንተ ግን ፎቶ በቴሌግራም ዝም ብላችሁ ትልካላችሁ፣ እሱ ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ከዛ ሲለጠጥ ለምን ደበዘዘ ትሉኛላችሁ። እንደ ፋይል ላኩት! ከዛ ደሞ ዘፈኑ ሲወጣ የሆነ ቻናል አውርዶት ከቨሩ መሀል ላይ የራሱን ዩዘርኔም በቀይ ይመታበታል፣ ዘፋኙ ራሱ ያንን ሼር ያደርገዋል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የሸክላው ከቨር 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ነበር፣ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እያገላበጠ ያየው ነበር፣ ካሴት ሲመጣ ከመዳፍ አነሰ፣ አሁን አውራ ጣት ሆነ። ቦታው ባነሰ ቁጥር የምትጨናንቁት ለምንድነው?

ለነዛ ልጆች ዛሬ ማታ ሁለት አማራጭ ልኬላቸዋለሁ። አንዱ ያው ጃንጥላዋ፣ ስም የሌለበት። ሌላው ያው ጃንጥላዋ፣ ስማቸው ከላይ ጥግ ላይ በነጭ፣ ሚነበብ ፎንት። ፊታቸው እንዲታይ ከፈለጉ ፖስተር አለ፣ መናኸሪያው ጋ ሄደን ማታ አነሳቸዋለሁ፣ ስልኩም ስፖንሰሩም ቡቲኩም እዛ ፖስተር ላይ በደንብ ይገባል፣ ለሱ ብር አልጠይቅም። ከቨሯን ግን ተዉልኝ። እናንተም ነገ ህትመት ቤት የምትሄዱ ካላችሁ መጀመሪያ ዘፈኑን አሰሙት ዲዛይነሩን፣ ሌላ ሰው የሰራውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ «እንደዚህ አርግልኝ» አትበሉት፣ ጊዜ ስጡት፣ ስሙንም ክሬዲት ላይ ጻፉለት።