አእምሮዬ ክፍት ነው፤ ግቡ ግን አላልኩም

እስከ ዛሬ ካገኘኋቸው ሰዎች መካከል "እኔ እንኳ ጭንቅላቴ ዝግ ነው፤ በከንቱ አትድከሙ" ብሎ ራሱን ያስተዋወቀኝ አንድም የለም። ግትሩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሁለት ችኮዎች ሲከራከሩ ብታዩ የሁለቱም ጣት የሚቀሰረው ወደ ማዶ ነው። እኔም ባለፈው ወር አንድ እሑድ እስክዋረድ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ ተቀምጠናል። የ12 ዓመቷ ልጃችን ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እሱ ድንገት "ለምን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን አትጠይቂውም?" አላት። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"ልጄ የምታስበው በገዛ ጭንቅላቷ ነው!"

"ዘመኑ ተቀይሯል እኮ!"

"ዘመን ተቀየረ ተብሎ ጭንቅላት አይከራዩም!"

ከዚያማ ምኑ ቅጡ። እሱ ስለ መጪው ዘመን እንደ ነቢይ ያወራል፤ እኔ ስለ ሰው ልጅ መጥፊያ እንደ ዓይን ምስክር አወራለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሽንጣችንን ገትረን ስንከራከር ልጅቷን "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ያላት የለም። ክርክሩ ስለ እሷ ነበር እንጂ ከእሷ ጋር አልነበረም። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩና "ያም ሆነ ይህ፣ እኔ አእምሮዬ ክፍት ነው" ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ልጄ ከደብተሯ ቀና አለች። "አባዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሐሳብህን የቀየርከው መቼ ነው?"

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ እኔም ስለ አያቷ አስተዋይነት ረዘም ያለ ታሪክ አወራሁላት። ታሪኩ ሲያልቅ ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መነጽር ቀይሬአለሁ። ስልክ ቀይሬአለሁ። የምተኛበትን ጎን ሳይቀር ቀይሬአለሁ። ሐሳብስ? ሌሊቱን ሙሉ ስበረብር ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ ኩራተኛ ነው እያልኩ የማማው ጎረቤት አንድ ቀን በፈገግታ ሰላም ሲለኝ "ለካ ጥሩ ሰው ነው" ብያለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ይህም አይቆጠርም፤ የተለወጠው እሱ ነው እንጂ እኔ የድሮ ቦታዬ ላይ ነኝ።

ጠዋት መፍትሔ አገኘሁ። ቻርልስ ዳርዊን በግለ ታሪኩ ላይ የጻፈው አንድ ልማድ ትዝ አለኝ፤ ከራሱ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ነገር ባነበበ ወይም ባየ ቁጥር ወዲያውኑ በጽሑፍ ያሰፍረው ነበር። ምክንያቱም የሚደግፉትን ሳይሆን የሚቃወሙትን ነገሮች አእምሮው ቶሎ እንደሚጥላቸው በራሱ ላይ አይቷል። ሰውዬው ትውስታውን እንደ ሌባ ዘበኛ ይጠረጥረው ነበር ማለት ነው። እኔም አንድ ደብተር አወጣሁና ሽፋኑ ላይ "የሚቃረኑኝ ነገሮች" ብዬ በትልቁ ጽፌ የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ሳምንት ሙሉ የሚቃረነኝ ነገር ጠፋ። ዓለም ከእኔ ጋር እንዲህ ተስማምታ አታውቅም። በሰባተኛው ቀን ደብተሩን ስገልጥ ግን ሦስት ገጽ ሞልቶ አገኘሁት፤ በባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀንና በሰዓት ተለይቶ። "ሰኞ፦ ቁልፉን አንቺ ነሽ የጣልሽው አልክ። ኪስህ ውስጥ ነበር።" "ሰኞ ማታ፦ በዚህ መንገድ ይቀርባል አልክ። አልቀረበም።" እኔ ደግሞ እስክሪብቶ አንስቼ በኅዳጉ ላይ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። "መንገዱ በጥገና ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር አይቆጠርም።" በአራተኛው መልስ ላይ የሳይንስ ደብተሬ የክስ መዝገብ ሆኖ አረፈው።

ልጄ በበኩሏ ልታጽናናኝ ይሁን ልትጨርሰኝ አላውቅም፣ ከትምህርት ቤት የሰማችውን ጨዋታ አመጣችልኝ። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ፈተና ነው። "2፣ 4፣ 6 የሆነ ሕግ ተከትለው ነው የተደረደሩት። አንተም ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠራህ ሕጉን ድረስበት" አለችኝ። ቀላል! "8፣ 10፣ 12?" አልኩ። "ይሆናል።" "20፣ 22፣ 24?" "ይሆናል።" "100፣ 102፣ 104?" "ይሆናል።" ደረቴን ነፍቼ "ሁለት ሁለት እየጨመሩ የሚሄዱ ሙሉ ቁጥሮች" ብዬ ፈረድኩ።

"አይደለም።"

"እንዴት አይደለም! ሦስቴ ይሆናል ብለሽኛል እኮ!"

"ሕጉ እየጨመሩ ይሂዱ ብቻ ነው የሚለው። 1፣ 2፣ 3 ቢሆንም ይሆናል፤ 5፣ 17፣ 900 ቢሆንም ይሆናል። አባዬ፣ አይሆንም ሊያስብልህ የሚችል አንድ እንኳ ለምን አልሞከርክም?"

ለምን እሞክራለሁ? ሦስት "ይሆናል" ተደርድሮልኝ እያለ "አይሆንም" ፍለጋ የሚሄድ ጤነኛ ሰው አለ? እኔ ጋዜጣ የማነበውም፣ ወዳጅ የምመርጠውም በዚሁ ስልት ነው። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዌሰን ፈተና ላይም አብዛኞቹ መጀመሪያ የሰጡት መልስ እንደ እኔው የተሳሳተ ነበር።

ሌላም ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን እንደ ዚፕ ስላሉ የዘወትር ዕቃዎች አሠራር "ምን ያህል ታውቃላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሰዉ ደህና አውቃለሁ አለ። "እስቲ ደረጃ በደረጃ አስረዱ" ሲባል ግን ለራሱ የሰጠውን ነጥብ ቀነሰ። ይህን ሳነብ ሣቅሁባቸው። ከዚያ የጃኬቴን ዚፕ ይዤ ለራሴ ማስረዳት ጀመርኩ፦ "ይቺ ጥርስ ከዚያኛው ጥርስ ጋር... ይቺ ተንሸራታቿ ደግሞ..." ወደ ላይ ሳብኩት፣ ወደ ታች ሳብኩት፣ ተነከሰ። በባለቤቴ እርዳታ ነው ከጃኬቱ የወጣሁት። ዚፕ ማስረዳት ያቃተኝ ሰው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ወረቀት መናገሬ ያን ጊዜ ትንሽ ከነከነኝ።

ግን ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ማስረጃ ይቀርባል፣ ሰው ይለወጣል፣ አበቃ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪምም እንደዚያ ነበር የመሰለው። ቪየና በሚሠራበት ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ የሐኪሞች፣ ሌላው የአዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል እናቶች በወሊድ ትኩሳት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮቹ እዚያ አታስገቡን ብለው ይለምኑ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ነበር የሚያዋልዱት። በ1847 ዜመልቫይስ እጃቸውን ክሎሪን ባለው ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በ1846 ከ100 እናቶች 11 ያህል ይሞቱበት በነበረው ክፍል በ1848 ሟቾቹ ወደ 1 ገደማ ወረዱ።

ታዲያ በደስታ ተቀበሉት? ብዙዎቹ አኮረፉ። እስቲ አስቡት፤ "ተሳስቻለሁ" ማለት ለእነሱ "በእነዚህ በተከበሩ እጆቼ እናቶችን ገድያለሁ" ማለት ነው። ይህን ዋጥ አድርጎ ታጥቦ መግባት ከባድ ነው። እኔ የቁልፉን ነገር እንኳ ገና አልዋጥኩም። ዜመልቫይስም ቢሆን ነገር የማለዘብ ተሰጥኦ አልነበረውም፤ በኋላ በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች ያልተቀበሉትን ነፍሰ ገዳዮች እያለ ሰደባቸው። ልክ ነበር። ግን ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ሲያበቃ "እውነትህን ነው፣ ሳሙናውን አቀብለኝ" የሚል ሰው የት ይገኛል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክፍት መሆንን ከባለሙያ ልማር ብዬ አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ይህ ጓደኛዬ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። የእኔን ሐሳብ ነገርኩት፤ "እጅግ ትክክል!" አለኝ። ደስ አለኝ። የባለቤቴን ወንድም ሐሳብ ነገርኩት፤ "እሱም እጅግ ትክክል!" ደስታዬ ቀነሰ። "ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም እኮ" ብለው፣ "ይህንንስ ማን ይክዳል!" አለኝ። የዚህ ሰው አእምሮ በእርግጥ ክፍት ነው፤ በር እንጂ ግድግዳ የለውም። ገብተህ ሳታስተውል በጓሮ በኩል ትወጣለህ። የመጨረሻው ተናጋሪ ማን እንደነበር ማወቅ የፈለገ የእሱን አቋም ይጠይቅ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ስዊድንን እያሰብኩ ነበር። ስዊድናውያን መኪና የሚነዱት በግራ በኩል ነበር። በ1955 ወደ ቀኝ እንቀይር ወይ ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ሲጠየቁ ከ100 ሰው 83 ያህሉ አይሆንም አለ። መጀመሪያ ሳነበው "የእኔ ወገኖች!" ብያለሁ። መንግሥት ግን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 እሑድ ማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ አገሩን በሙሉ ወደ ቀኝ አዛወረው። መንገድ ላይ የነበሩ መኪኖች አስቀድመው ቆሙ፣ ቀስ ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጉዞ ቀጠሉ። ያ ሁሉ አይሆንም ባይ በማግስቱ በቀኝ ነዳ፤ በድሮ አቋም እንዳይነዳ ፊት ለፊቱ መኪና ይመጣበታል።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትርምስ ይፈጠራል ተብሎ ሲፈራ የትራፊክ አደጋ ለጊዜው ቀነሰ። ሁሉም ሹፌር መሪውን ጨብጦ "ምናልባት እየተሳሳትኩ ይሆን?" እያለ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ ዝግ ብሎ ይነዳ ነበራ። ከዚያ ሰዉ ለመደው፣ እርግጠኛ ሆነ፣ አደጋውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቤት ስደርስ ደብተሩን አነሣሁ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ እስከዚያ ያላየሁት መስመር ነበር፦ "ማክሰኞ፦ ልጅቷ ማሽኑ የሰጣትን መልስ ስህተት አግኝታ ራሷ አረመችው። አንተ አጠገቧ ነበርክ።" ነበርኩ። ማሽኑ መሳሳቱን አይቼ "አላልኩም!" ብዬ ጮቤ ረግጫለሁ። ልጄ ማረሟን ግን አላየሁም።

ስልኬን አወጣሁና ለባለቤቴ ወንድም መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። "ምናልባት በከፊል" ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። "አንተ ካልከው ውስጥ አንዳንዱ፣ በጥንቃቄ ሲታይ" ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። ላብ ላብ አለኝ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ "ልክ ነበርክ" ብዬ ላክሁ።

ወዲያው ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። "እኔ እኮ ልደውልልህ ሳስብ ነው የሰነበትኩት" አለኝ። ለካ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማሽኑን አጽፎት ኖሯል። ማሽኑ በዓለም ላይ የሌለ መመሪያ በቁጥሩ ጠቅሶለት፣ እሱም ሳያነብ ፈርሞ ልኮታል። "አንተ ነበርክ ልክ። ልጅቷ አጠገቡ እንዳትደርስ!"

"እንዴ፣ ለምን አትደርስም?" አልኩት። "ዘመኑ እኮ ተቀይሯል!"

"ዘመን ተቀየረ ተብሎ..."

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ልጄ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣብቄ፣ በነጻ እጄ አየሩን እየቆረጥኩ አገኘችኝ። ትንሽ አዳመጠች።

"አባዬ፣ ቦታ ተቀያየራችሁ እንዴ?"

በእጄ ቆይ አልኳት። ገና ሦስተኛውን ነጥቤን መጀመሬ ነበር።