ማስተካከያ፦ የስልክ መተግበሪያ የአይኤንአር ምርመራን አይተካም

በባሕር ዳርና በዘጌ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ያለ አንድ ጽሑፍ፣ ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ታካሚ ጣቱን ስልኩ ካሜራ ላይ አድርጎ በመተግበሪያ አይኤንአሩን (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየውን ቁጥር) ማወቅና ደም እንዳይረጋ የሚወስደውን የዋርፋሪን መጠኑን ራሱ ማስተካከል እንደሚችል ይናገራል። ይህ ስሕተት ነው።

ካሜራው የሚቆጥረው የልብ ምትን ነው። አይኤንአር የሚታወቀው በደም ብቻ ነው፤ ከክንድ ተቀድቶ በላቦራቶሪ፣ ወይም ከጣት ጠብታ ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ። በዓለም አቀፍ የልብ ቫልቭ ሕክምና መመሪያዎች፣ የማይትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው) ለተቀየረለት የተለመደው የአይኤንአር ግብ ከ2.5 እስከ 3.5፣ ለአኦርቲክ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በር ላይ ላለው) ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ነው። ከግቡ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ከግቡ ሲያልፍ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ጽሑፉን አምናችሁ ምርመራ የዘለላችሁ ወይም መጠን የቀየራችሁ፣ እባካችሁ የቀጠሮ ቀን ሳትጠብቁ ወደምትከታተሉበት ሆስፒታል ሂዱ።

ክኒንና ቀጠሮ ለማስታወስ ግን የስልክ መተግበሪያ በእጅጉ ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ሲሞላ ነው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚወሰድ ክኒን 20:00 ተብሎ ይሞላል፤ 2:00 ከተባለ ስልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ወደ ፈረንጆቹ ቀይራችሁ አስገቡ። የረሳችሁትን ክኒን በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ውሰዱ፤ በማግስቱ ደርባችሁ አትውሰዱ። በጾም ወቅት ጎመን ሲበዛ አይኤንአር ሊወርድ ስለሚችል የአመጋገብ ለውጡንም መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።